የጉንዳኖቹ ወረቀት

ሰኞ

ጉንዳን ገባብን። እንግዲህ የቀረን ይኼ ነበር! ጠዋት ኬክ ክፍሉን ስከፍት ከእቃ ማጠቢያው በላይ ካለው የመስኮት ስንጥቅ ጀምሮ ግድግዳውን ይዞ የሚወርድ ጥቁር ክር አየሁ። ከስኳር ጆንያ የተመዘዘ ክር መስሎኝ ላነሳው እጄን ስሰድ ክሩ ተንቀሳቀሰ። የጮህኩትን ጩኸት መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ሳይሰማው አልቀረም።

ጋጋሪያችን ነጮ ከምድጃው በኩል እየሮጠ መጣ። ሰውዬው ሽበቱ ከዱቄቱ ስለማይለይ ይኼው ስሙ ሆኖ ቀርቷል። «ምነው እትዬ፣ ተቃጠሉ እንዴ?» አለኝ።

«በቁሜ ነው የተቃጠልኩት!» አልኩና ግድግዳውን አሳየሁት።

ጠጋ ብሎ አየና «አይ፣ ትንንሾቹ ናቸው፣ አይናከሱም» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ተመስገን በይ ማለቱ ነው መሰለኝ።

አባቴ ይኼን ኬክ ቤት ሲከፍት ቁመቴ ከጠረጴዛው በታች ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ክሬሙም አበባውም በእኔ እጅ ነው፤ ወንድሜ ከፊት ሆኖ ሱቁንና ደንበኛውን ይይዛል፣ እኔ ከኋላ ኬክ ክፍሉን። ይኼን ሁሉ ዓመት አንዲት ጉንዳን ደፍራ አልገባችም። አሁን ምን ተገኘ? ሙሽሪት መጣቻ! የወንድሜን ሚስት ነው የምለው። ከተጋቡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፣ ለእኔ ግን አሁንም ሙሽሪት ናት። መጀመሪያ ወንድሜን ወሰደች፣ ቀጥላ ቤቱን፣ አሁን ደግሞ ኬክ ክፍሌ ውስጥ የራሷ መደርደሪያ አላት። በውኃ ሲበጠበጥ ክሬም እሆናለሁ የሚል የታሸገ ተአምር ደርድራበታለች።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በር ላይ አግኝታኝ «ምን ያስጮህሻል?» ብትለኝ «እሷ ከመጣች ወዲህ ጉንዳን አፈራን» አልኳት። እንዲያው ወሬ ለማሳመር ነው።

ማክሰኞ

በሳሙና አጠብኩት። ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። እዚያው መስመር ላይ፣ እንደ ባቡር።

ለልደት ኬክ አበባ አራት ጊዜ ሠርቼ አራት ጊዜ ተበላሸብኝ። ቅቤው ቀጥኗል። ሙሽሪት የገዛችው ቅቤ ነው፣ እጄ አይደለም። የተበላሹትን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ቢታዩ የሰው መነጋገሪያ ነው የምሆነው። ሰው ሳይኖር አወጣቸዋለሁ።

ረቡዕ፣ ማታ

ጆሮዬን ያልሰማ ያድርገው። መጋረጃው ጀርባ ቆሜ ሳህን ስወለውል ባልና ሚስቱ ሱቅ ውስጥ በሹክሹክታ ሲከራከሩ ሰማኋቸው። ልሰማ ብዬ አይደለም፣ መጋረጃ ግድግዳ አይደለማ።

«ቁልፉ ለእኔ ይሰጠኝ» ትላለች። «ኬክ ክፍሉ በእኔ ስም ይሁን። የጤና ተቆጣጣሪዋ ሳትመጣ።»

«ከእታለም እጅ ቁልፍ ልቀበል? ምን ብዬ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ተይ፣ ትሞትብኛለች» አለ ወንድሜ። ቀጥሎ ግን ምን አለ? «ቁጥጥሩ ይለፍና እንወስናለን» አለ። ይኼን ልጅ እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩት። እንወስናለን አለ እንጂ አይሆንም አላለም።

በእኔ ስም ይሁን! አያችሁልኝ? ሁለት ዓመት «እትዬ ይረፉ፣ እትዬ ትንሽ ጋደም ይበሉ፣ እትዬ እጅዎን ሐኪም ይየው» ስትለኝ የከረመችው ለዚህ ነው። እኔ ሳርፍ እሷ ልትቆም። ከዚያ ክፍል ካወጡኝ ምን ነኝ? አልጋ ያላት አንዲት አሮጊት ነኝ። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ያለኝ አንድ ጠረጴዛና አንድ ቁልፍ ነው።

እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል። ደሜ ፈልቷል።

ሐሙስ

መምህሩ ዛሬም በሰዓቱ መጣ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ የእሱ ናት፤ አንድ ሻይ፣ አንድ ቁራጭ ኬክ። ኬኩን ሌላ ሰው ሲያቀርብለት አይቼ ስለማላውቅ እኔው አቀርብለታለሁ። ሽርጤን የቀየርኩት የቀድሞው ስለቆሸሸ ነው።

ወረቀቱን ብድግ አድርጎ እንደ ልማዱ «ይቺን እጥፋት የትም አላየሁም» አለ። የአባቴ ነገር ናት። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ሥር የምናነጥፈውን ወረቀት በቢላ ቆርጠን አንዱን ጠርዝ ሁለቴ እናጥፈዋለን፤ ሁለተኛውን እጥፋት በጥፍር ገፋ እናደርገዋለን። የሚያነሳው ሰው ጣቱ ክሬም አይነካም። ነጮ ሞክሮ ትቶታል። ሙሽሪትም «እትዬ ያስተምሩኝ» ብላኝ ነበር፣ ጊዜ የለኝም አልኳት።

የጉንዳኑን ነገር አጫወትኩት። ሳይንስ ያስተማረ ሰው አይደል፣ ዓይኑ በራ።

«እነሱ እኮ ማየቱ ላይ ደካማ ናቸው» አለኝ። «ሽታ ተከትለው ነው የሚሄዱት። አንዷ ምግብ ስታገኝ ወደ ቤቷ እየተመለሰች ሆዷን መሬት ታስነካና የሆነች ኬሚካል ጠብ ጠብ ታደርጋለች። ሌላዋ ያንን አሽትታ ትከተላለች። እሷም ካገኘች ስትመለስ በላዩ ትጨምርበታለች። እንዲህ እያለ መንገዱ ይወፍራል።»

«ያላገኘችዋስ?»

«ያላገኘች አትጨምርም። ምግቡ ሲያልቅ የሚጨምር ይጠፋል፣ ሽታው ይተንና መንገዱም ይረሳል።»

«የጀመረችው ማን እንደሆነች ይታወቃል?»

«ማን ይጠይቃታል!» ብሎ ሳቀ። ጥርሱ ገና ሙሉ ነው።

ሲወጣ «ምግቡ የት እንዳለ ማወቅ ከፈለጉ አይግደሏቸው። እስከ መጨረሻው ይከተሏቸው» አለኝ።

ተከተልኳቸው። ከመስኮቱ ወደ ቧንቧው፣ ከቧንቧው ወደ ጠረጴዛው እግር፣ ከዚያ ወደ መሳቢያዎቹ በኩል። እዚያ ጋ መብራቱ ደካማ ነው፣ ዓይኔም ደክሞ ነበር። ተውኩት።

ቅዳሜ

ሥራ በዝቷል። አበባው ዛሬም እንቢ አለኝ። ሌላ መሳቢያ ሙሉ።

ሙሽሪት ኮምጣጤ በውኃ በጥብጣ ስትወለውል አገኘኋት። «ሽታቸውን ያጠፋዋል አሉ» አለችኝ። ማን አላት? መምህሩ ነው! ከእሷም ጋር ያወራል ማለት ነው።

እሑድ፣ ማታ

ዛሬ ዝግ ስለሆነ ብቻዬን ገብቼ መሳቢያዬን ከፈትኩት። አበቦቹ ያነሱ መሰለኝ። ነጮ ይሆናል የሚበላቸው፣ ሆዳም። ውስጡ ያነጠፍኩት ወረቀት ግን አበሳጨኝ፤ እጥፋቱ ጠማማ ነው፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው ወጥቷል፣ ጥፍር የተገፋበትም አይመስልም። ይኼን እኔ አጥፌዋለሁ? እንዲህ ጃጀሁ? ወረቀት ማጠፍ ያቃታት እጅ ቁልፍ ይዛ ምን ልታደርግ ነው?

አይ፣ ቸኩዬ ነው የሚሆነው። ለማንም አልናገርም።

ማክሰኞ

ተቆጣጣሪዋ የፊታችን ዓርብ ትመጣለች ተባለ። ወንድሜ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ፈላ ውኃ ይንጣጣል። «አንዲት ጉንዳን ካየች ታሽገዋለች፣ ገባችሁ? ታሽገዋለች!» ይላል። ሙሽሪት «አታስፈራራቸው» ትለዋለች። የምትራራ ትመስላለች፣ ስትናገር እኮ ድምፅዋ እንዴት ይለሰልሳል።

ልብስ ሰፊዋ ጠርታኝ በጆሮዬ ምን አለችኝ? «የወንድምሽ ሚስት እናቷም ቤት ጉንዳንና በረሮ ነበር አሉ፣ ከእነ ዕቃዋ ይዛው ነው የመጣችው አሉ።» ማን አለ ብላት «ሰው ሁሉ» አለችኝ። የእሷን እናት ቤት ማንም አያውቀውም። ያቺ በር ላይ የጣልኳት አንዲት ቃል ዞራ ዞራ ወፍራ መጣችልኝ። እንደዚያ አላልኩም ልላት ነበር፣ ደንበኛ መጣባት።

ረቡዕ

መምህሩ ዛሬ አንድ ነገር አሳየኝ። ከመስኮቱ ደፍ ላይ ጥቂት ጉንዳኖች ይመላለሱ ነበር። ከኬኩ ሥር ያለችውን ወረቀት አንስቶ መንገዳቸው ላይ ጋደም አደረጋት። መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፣ ወዲያ ወዲህ አሉ። ሻዩን ጠጥቶ እስኪጨርስ ወረቀቷን ተላምደው በላይዋ ይሄዱ ጀመር። ከዚያ ወረቀቷን በጣቱ ቀስ አድርጎ ወደ ጎን አዞራት። አቤት! ዞረው ተከተሏት። ወረቀቷ ወዳመለከተችው ሄዱ፣ ምንም ወደሌለበት።

«ሽታው ወረቀቱ ላይ ነዋ» አለኝ። «መንገዱን ያዞረባቸው ሰው መኖሩን በምን ያውቃሉ? የቀደሙት እህቶቻቸው የሄዱበት ይመስላቸዋል።»

«ምስኪኖች» አልኩ።

«ምግብ ካላገኙ ይተዉታል። ካገኙ ግን ያው መንገድ ሆነ ማለት ነው።»

ይኼን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም። ደስ ስላለኝ ነው።

ሐሙስ

ቸኩያለሁ። ከጠረጴዛው እግር እስከ መሳቢያዎቹ ባለው ላይ ረዘም ያለ ወረቀት አነጠፍኩ። እንዲያው ለሙከራ። የስኳር ውኃ ጠብ አደረግኩበት። እስከ ከሰዓት ጥቁር ሆነ።

ሙሽሪት ዛሬ የለችም፣ እናቷን ልትጠይቅ ሄዳለች።

ሐሙስ፣ ማታ

ሁሉንም ወለወልኩ። በኮምጣጤ። ግድግዳውን፣ ቧንቧውን፣ መሳቢያዎቹን ከውጭ። ወረቀቱን ብቻ አልጣልኩትም፣ ከጠረጴዛው እግር ወደ ሙሽሪት መደርደሪያ ቀና አድርጌ አስቀመጥኩት። ቦታ ስለጠበበኝ ነው። የስኳር ቆርቆሮዋ ክዳን ላልቶ ነበር፤ ማን እንዳላላው አላውቅም፣ ክዳን ራሱም ይላላል።

ደግሞስ ብትጋለጥ ምን ትሆናለች? ወጣት ናት፣ ባል አላት፣ ነገ ሌላ ነገር ትሠራለች። እኔ ነኝ ሌላ የሌለኝ። አንድ ቀን ብቻ ትፈር፣ ወንድሜም ቁልፉ ከማን እጅ መውጣት እንደሌለበት ይወቅ። ማሸጉ ያስፈራኛል፣ ግን አንድ መደርደሪያ ብላ ሙሉ ቤት አታሽግም። አታሽግም።

እጄ ይህን ስጽፍ እንኳ ይንቀጠቀጣል። ብርዱ ነው።

ዓርብ

መጣች። አጭር ሴት ናት፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች። ምድጃውን አየች፣ ነጮን ጥፍርህን አሳየኝ አለችው። የእኔን ጠረጴዛ በጣቷ አሸት አድርጋ «ጎበዝ» አለችኝ። ጎበዝ! ደረቴ ተነፋ።

ከዚያ ወደ ሙሽሪት መደርደሪያ ዞረች።

ምን ልጻፍ? ቆርቆሮው ውስጥ ስኳሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ጥቁር ነው። ወንድሜ «ወይኔ!» ብሎ ራሱን ያዘ። ሱቁ ውስጥ ያሉ ደንበኞች ሁሉ በመጋረጃው ቀዳዳ አንገታቸውን አስግገዋል፣ መምህሩም ሻዩን እንደያዘ ተነስቷል። ተቆጣጣሪዋ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ ጉንዳኖቹን አራገፈችና «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ድልድይ ሠርታችሁላቸዋል እኮ! ማነው እዚህ ያስቀመጠው?» አለች።

ያኔ አየሁት። ጠርዙ ታጥፏል። ሁለቴ። ሁለተኛው እጥፋት በጥፍር ተገፍቷል። መቼ እንዳጠፍኩት አላስታውስም፤ እጄ ወረቀት ሲይዝ ያጥፋል፣ እኔን አያስፈቅደኝም። ያን ሁሉ አስቤ ይቺን አላሰብኩም።

ነጮ እጥፋቱን አየና ጫማውን ማየት ጀመረ። ሙሽሪትም አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ፊቴን አይደለም፣ እጆቼን። ሽርጤ ሥር ደበቅኳቸው።

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት» አለች።

«አንቺ?» አለ ወንድሜ።

«አዎ፣ እኔ። መደርደሪያው የእኔ አይደል? እትዬ አያውቁም።»

ውሸታም! ለምን እንደዋሸች አይገባኝም። ምናልባት የእሷ ነገር ቢሆንስ? ምናልባት እጥፋቱን ተምራው ቢሆንስ? ትሞክር ነበር እኮ።

ታሸገ። ኬክ ቤቱ በሙሉ፣ እስከ ድጋሚ ቁጥጥር ድረስ። የሱቁ በር ላይ ቀይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ለጽዳት ግን ከላይ ከመኖሪያችን በውስጥ ደረጃ እንወርዳለን። አባቴ ይኼን ሳያይ መሞቱ።

መምህሩ ሳይሰናበተኝ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ኬኩ እንዳለ ነበር፣ አልነካውም። ከሥሩ ያለችውን ወረቀት ግን አውጥቶ ከጎኑ ዘርግቷታል፣ እጥፋቷ ወደ ላይ።

ቅዳሜ

ወንድሜ ትናንት ማታ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸባት። «ከእናትሽ ቤት ይዘሽ የመጣሽው ነው፣ ሰው ሁሉ የሚለው እውነት ነው!» አላት። ሰው ሁሉ። ጠዋት ትንሽ ሻንጣ ይዛ ወደ እናቷ ሄደች። በክፍሌ በር በኩል ስታልፍ «እትዬ፣ ደህና ይሁኑ፣ መድኃኒቱን እንዳይረሱ» አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጠበቅኩት፣ አልመጣም።

ሰኞ

ወንድሜ ቁልፉን አምጥቶ እጄ ላይ አስጨበጠኝ። ከእኔው ማንጠልጠያ አውርዶ መልሶ ለእኔው፣ እንደ ሹመት። «ይቅር በይኝ እታለም፣ ከአንቺ ሌላ ማንም አይዘውም» አለኝ። ዓይኑ አብጧል። ምሳ አልበላም፣ እራት አልበላም። እሷ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ኮቱን አኑሮበታል፣ ማንም እንዳይቀመጥበት መሰለኝ።

ረቡዕ

ጉንዳኖቹ ተመልሰዋል። እሷ የለች፣ መደርደሪያዋ ባዶ፣ ቆርቆሮዋ ተጥሏል። ከመስኮቱ ወደ ቧንቧው፣ ከቧንቧው ወደ ጠረጴዛው እግር። ከበፊቱ ይበልጥ ወፍረዋል። ኮምጣጤ አፈሰስኩባቸው። ማታ ተመለሱ።

ነጮን «ምን ይሻላል?» አልኩት። «እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ» አለኝ። ከዚያ በሩ ጋ ቆም አለና «ልጅቷ ግን ጎህ ሳይቀድ ነበር በምድጃው በር የምትመጣው» አለኝ። ለምን እንደምትመጣ ሳልጠይቀው ሄደ። ጎህ ሳይቀድ ምን ልትሠራ? ልትሰርቅ? ይኼ ሰውዬ ሲያረጅ እንቆቅልሽ ሆነ።

ዓርብ

መምህሩን መንገድ ላይ አገኘሁት። ሱቁ ስለተዘጋ ነው ያልመጣው ብዬ ራሴን ሳጽናና ነበር የሰነበትኩት። «ሲከፈት ይመጣሉ አይደል?» አልኩት፣ እንደ ልጃገረድ ድምፄ ተሰብሮ። ምን ነካኝ?

ባርኔጣውን አውልቆ በአክብሮት «ጣፋጭ ሐኪም ከልክሎኛል» አለኝ። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ «ያን ነገር ባላሳየዎት ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር» አለ።

«የቱን ነገር?» አልኩት።

ባርኔጣውን መልሶ አደረገና ሄደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

እሑድ፣ ማታ

ደወልኩላት። ወንድሜ ከሳ፣ ለእሱ ብዬ ነው። ጢሙን አይላጭም፣ ስልኩን ይዞ ይቀመጣል እንጂ አይደውልም፤ እሷም አትደውልም። ሁለት ግትሮች። አንዳቸው መጀመር ስላለባቸው እኔ ጀመርኩ።

«ሄሎ» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እትዬ! እንደምን ሰነበቱ? እጅዎ እንዴት ነው?»

እጅዎ እንዴት ነው አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሰድበኝ ነበር፤ ስድቡን አዘጋጅቼ ለመመለስ ተሰናድቼ ነበር የደወልኩት። «ደህና ነው» አልኳት። «ወንድሜ ከሳ። ተመለሺ።»

«አይ እትዬ። እሱ ራሱ ይምጣና ይጠይቀኝ።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ድካም ነበር። «የሆነውን ግን እኔ አልነግረውም። እሱን እርስዎ ያውቃሉ።»

«ምኑን?» ልል ነበር። ተውኩት። ከጀርባዋ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል።

ከዚያ በቀስታ፣ ሕፃን እንዳይነቃ እንደምታወራ፣ «እትዬ» አለችኝ፣ «መሳቢያውን ማን እየጠረገልዎት ነው?»

ስልኩን ዘጋሁት።

እሑድ፣ የቀጠለ

መብራት አብርቼ ወረድኩ። ጉንዳኖቹን ከመስኮቱ ጀምሬ ተከተልኳቸው፣ በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው። መሳቢያዬን ከፈትኩት።

ስለ ውስጡ አልጽፍም። አበቦቼ አበባ አይመስሉም ነበር። ይኼን ሁሉ ጊዜ ሲመጡ የነበሩት ወደዚህ ነው፣ ወደ እኔ። አውቅ ነበር? አውቅ ነበር። መብራቱ ደካማ ነው ያልኩ ቀን አውቅ ነበር።

ሁሉንም አወጣሁና በመጨረሻ ከታች የተነጠፈውን ወረቀት ሳብኩት። ያ ጠማማ እጥፋት። መብራቱ ሥር ይዤው ተቀመጥኩ። የእኔ እጅ ምንም ቢንቀጠቀጥ ሁለተኛውን እጥፋት በጥፍር ይገፋዋል፤ ይኼኛው አልተገፋም። ጥፍር እንደሚገፋበት ያልተነገረው ሰው ያጠፈው ነው። አስተምሪኝ ብሎ ጊዜ የለኝም የተባለ ሰው።

ጎህ ሳይቀድ እየመጣች የተበላሹ አበቦቼን ታወጣ ነበር። እንዳልነቃባት ሁሉንም አታወጣም፣ ጥቂት ትተዋለች። የቆሸሸውን ወረቀት ትቀይርና እንዳላውቅባት ጠርዙን እንደ እኔ ልታጥፍ ትሞክራለች። ቁልፉን የፈለገችው፣ በእኔ ስም ይሁን ያለችው፣ ተቆጣጣሪዋ መሳቢያውን ብትከፍት የሚጠራው ስም የእሷ እንዲሆን ነበር። እኔ ደግሞ የራሴን መሳቢያ ሳላጸዳ ትቼ ጉንዳኖቹን ወደ እሷ ላክሁ።

ወረቀቱ ላይ አለቀስኩበት። አሮጊት ወረቀት አቅፋ ስታለቅስ ነጮ ቢያይ ኖሮ ምን ይል ነበር። ለወንድሜ እነግረዋለሁ። ነገ።

ማክሰኞ

ልነግረው ሁለት ጊዜ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። አንዴ ተኝቶ ነበር። አንዴ ነቅቶ ነበር፣ ግን «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር እታለም» አለኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ይነገራል?

ነገ ተቆጣጣሪዋ ለድጋሚ ቁጥጥር ትመጣለች። ያኔ በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ባለፈው «ማነው ያስቀመጠው?» ያለች ሴት ነገም መጠየቋ አይቀርም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ ወረቀቱን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሳህን ሳጥብ ስለማመዳት ዋልኩ። ስትጠይቅ ወዲያው ነው የምመልሰው፣ ሳላስብ።

ረቡዕ

ሽርጤን ቀይሬ፣ ቁልፉን በእጄ ይዤ ወንድሜ አጠገብ ቆምኩ። መሳቢያዎቹን በሙሉ ከፋፍቼ ነበር፣ ባዶ፣ ታጥበው። ጉንዳን የለም። የሚበላ ሲያጡ ተዉት፣ መምህሩ እንዳለው።

ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አድርጋ ዞረች። መስኮቱን አየች፣ ቧንቧውን አየች፣ የሙሽሪትን መደርደሪያ አየች። ሲበቃት ወደ ወንድሜ ዞረችና «ያቺ ልጅ የት አለች? ያቺ ወረቀቱን ያስቀመጠችው?» አለች።

አሁን፣ አልኩ በልቤ። አፌን ከፈትኩ።

«የለችም» አለ ወንድሜ፣ ወለሉን እያየ። «ሄዳለች። ሥራው ከእህቴ ጋር ነው አሁን።»

«ይሻላል» አለች። ወደ እኔ ፈገግ አለች፣ ቀዩን ወረቀት ከበሩ ላይ ላጠችና ሄደች።

እዚያው ቆሜ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።